እናቴ የተከለችው እንዳሁላ

እብጠቱን ያገኘሁት ልጄን ረምላን ጡት ባስጣልሁ ሰሞን ነው። ገላዬን ስታጠብ በቀኝ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር እጄን ነካው። ተጫንሁት፤ አላመመኝም። ቢያመኝ ኖሮ በነጋታው ወደ ሐኪም እሮጥ ነበር። ስላላመመኝ ፎጣዬን አገልድሜ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የማንበብ ጊዜ የሌላት እህት ብትኖር ይህችን ብቻ ይዛልኝ ትሂድ፤ አያመኝም ብላ አትተኛ።

ስሜ ሰዓዳ ነው። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው። ባለቤቴ ጀማል ገበያ ውስጥ ብትን ጨርቅ ይሸጣል፤ እኔም ከመውለዴ በፊት ሜትር ይዤ ጨርቅ ስለካለት ነበር የምውለው። ረምላን ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ ከወረታ መጣች፤ መጥታም ቀረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ስለነበረች እኛም ሂጅ አላልናትም፣ እሷም እሄዳለሁ አላለች።

ስትመጣ ከልብሷና ከመስገጃዋ ሌላ የያዘችው በዘይት ጣሳ የተተከለ እንዳሁላ ነበር። እንዳሁላን ለማያውቅ፣ ቅጠሉ ወፍራምና ውኃ ያዘለ፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል ተክል ነው። ብዙ ውኃ አይፈልግም፤ ድንጋይ መሐልም ይበቅላል። ሲያብብ ስለሚያምር ለውበት ብሎ በረንዳው ላይ የሚያሳድገው ሰው አለ። እናቴ ግን የምትፈልገው ቅጠሉን ነው። ፍም ላይ ለብ አድርጋ እብጠት ላይ ታስረዋለች። እግሩ ወለም ያለው፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት የወጣበት ሁሉ ወረታ እያለች ቤቷ ይመጣ ነበር። እኛም ቤት በር ላይ ተከለችው፤ ክረምቱን ጠጥቶ ከአጥሩ እኩል ሆነ። ጎረቤቶቻችንም ብዙ ሳይቆዩ ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ።

እብጠቱ ባቄላ ሲያክል ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ያየኝ ባለሙያ ገና ወጣት ነው። አፈረ መሰለኝ፣ በልብሴ ላይ ነካ አደረገና እጁን ሰበሰበ። «ጡት ስላስጣልሽ ወተት ቋጥሮ ነው» ብሎ የሚዋጥ መድኃኒት ጻፈልኝ። ዋጥሁ፤ ጨረስሁ፤ እብጠቱ እንዳለ ነው። ከዚያ ጀማል ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። በአልትራሳውንድ አዩኝና፣ «እጢ ነው። በአንቺ ዕድሜ ብዙ ሴቶች ላይ ይታያል፤ የሚያስፈራ አይደለም። ካደገ ተመለሺ» አሉኝ። ናሙና ይወሰድ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ለረምላ ሙዝ ገዝቼ ገባሁ።

እናቴ ሙዙን ተቀብላኝ፣ «እስኪ ለእኔም አሳይኝ» አለችኝ። ቀሚሴን ከፈትሁላት። እጇን እብጠቱ ላይ አድርጋ ዳር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይህስ በቅጠል ይለቃል» አለች በመጨረሻ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጠዋት ማታ «ቢስሚላህ» ብላ ከበር ላይ ቅጠል ትቆርጣለች። ፍም ላይ ገልበጥ ገልበጥ ታደርገውና መጀመሪያ በራሷ ክንድ ላይ ሙቀቱን ትለካዋለች። ከዚያ ጡቴ ላይ አስቀምጣ በሻሽ ታስርልኛለች። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ይላል። ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ትከሻዬ ይፈታል፣ እንቅልፌ ይመጣል። የባህል መድኃኒት የሚያደርገውን ሰው ሁሉ አላዋቂ የሚሉ አሉ። እነሱ ያላዩት ነገር አለ። ጤና ጣቢያው በልብሴ ላይ ነው የነካኝ፤ ክሊኒኩ በመሣሪያ ነው ያየኝ። እጇን ያሞቀችልኝ እናቴ ብቻ ነበረች። የተነካ ሰው የዳነ ይመስለዋል። እኔም የዳንሁ መስሎኝ ወራት አለፉ።

ክረምቱ አልፎ ጣና እስከ አፉ ሲሞላ የጡቴ ቆዳ መሸብሸብ ጀመረ። ጫፉም ወደ ውስጥ ገባ። በብብቴ ሥር ሌላ እብጠት ወጣ። እናቴ ዳሰሰችውና፣ «ንፍፊት ነው፤ ከጡትሽ እየሸሸ ነው ማለት ነው» አለች። ይህን ስትል ግን ዓይኔን አላየችኝም።

ጀማል ዝም ያለ ሰው ነው። ያን ቀን ማታ ግን እናቴ ቅጠሉን ይዛ ስትገባ ተነስቶ ቆመ።

«እማማ፣ ስለ ልፋትዎ አላህ ይስጥልኝ። ግን ይብቃ። ነገ ሆስፒታል እወስዳታለሁ።»

«ሐኪሞቹ አይተው ምንም አይደለም ብለው የለም ወይ?»

«ያኔና አሁን አንድ አይደለም።»

«እንግዲያ እኔ ነኛ የገደልኋት!»

«እንደሱ አላልሁም፣ እማማ።»

«ብለሃል! በሆድህ ብለሃል!»

ጠዋት ስነሳ እናቴን ልብሷን በሻሽ ቋጥራ በሩ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። ወረታ ልትሄድ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስሁ። ረምላ መጥታ ቋጠሮው ላይ ወጣችና ጋለበችው። እናቴ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «ተነሽ፣ ልበሽ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል በሄድሁ ቁጥር ከጎኔ አልተለየችም።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ረጅም ጠባብ ኮሪደር ነው። አግዳሚው ላይ ሴቶች ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ አንዷ ስትገባ ሁላችንም አንድ አንድ ሰው ፈቅ እንላለን። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ከዱርቤቴ የመጣች አለሚቱ የምትባል ሴት ነበረች። ፀጉሯ አልቆ ሻሽ አስራለች። ካርዴን ስጠቀልል ስፈታ አይታ እጄን ያዘችኝ።

«አዲስ ነሽ?»

«አዎ።»

«ከፊትሽ ያሉትን አትቁጠሪ፤ ልብ ያደርቃል። ከኋላሽ ላለችው አውሪላት። ሳታውቂው ተራሽ ይደርሳል።»

እናቴ ይህን ሰምታ ከኮረጆዋ ቆሎ አወጣችና ለአለሚቱ ዘገነችላት። ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ እናቴን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቆሎ ይዛ ሳትመጣ አትቀርም።

ዶክተሯ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ስታየኝ ጡቴ ላይ የቀረውን አረንጓዴ እድፍ አየች።

«ምን አድርገሽበት ነበር?»

ልብሴን ወደ ደረቴ ሳብሁ። ጀማልም መሬት መሬቱን አየ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «እንዳሁላ ነው። እኔ ነኝ ያደረግሁላት።»

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣን ኖሮ ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። «እናቴ፣» አለቻት ቀስ ብላ፣ «ቅጠሉ ምንም አላደረጋትም። ምንም ባለማድረጉ ነው የተጎዳችው።»

በመርፌ ናሙና ወሰዱልኝ፤ ማለት ከእብጠቱ ቆንጥረው አውጥተው በማጉያ መሣሪያ የሚያዩበት ምርመራ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የማስታውሰው በረምላ እንቅልፍ ነው። ተኝታ ሳለ ትንፋሿን እያዳመጥሁ፣ ማን ያሳድጋታል እላለሁ። ማን ፀጉሯን ይሠራላታል? ማን ይድራታል? ውጤቱ ካንሰር ሆነ። ዶክተሯ ቃሉን ስትናገር ጀማል «አልሐምዱሊላህ» አለ። ለምን እንዳለ ራሱም አያውቅም፤ ሌላ ቃል ስላላገኘ ነው። እናቴ የዶክተሯን አፍ አፏን ታያለች።

«ይድናል?» አለች።

«ወደ ብብቷ ደርሷል። ወደ ሌላው ሰውነቷ ግን አልሄደም። ብትዘገይ ኖሮ ሌላ ነበር የምነግርዎት። ቶሎ ካደረግንላት ተስፋ አለ።»

«ብትዘገይ ምን ትሆን ነበር?»

ዶክተሯም ሳትደብቅ ነገረቻት። ቆዳው እንደሚፈነዳ፣ ወደ አጥንትና ወደ ሳንባ እንደሚሄድ፣ ያኔ ከማስታገስ በቀር የሚደረግ ነገር እንደሌለ። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። ለእኔ የምትጠይቅልኝ መሰለኝ።

ጡቴን አነሱት። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ኬሞ ጀመርሁ፤ በደም ሥር የሚንጠባጠብ፣ ካንሰሩንም ሰውየውንም አብሮ የሚያደክም መድኃኒት ነው። ፀጉሬ በትራሱ ላይ ቀረ። አፌ ቆሰለ። ጀማል ከሐይቁ ዳር ትኩስ ቀረሶ ዓሣ እያመጣ እናቴ ሾርባ ትሠራልኛለች፤ ሽታው ሲያስመልሰኝ ግን ድስቷን ይዛ ጎረቤት ቤት ሄዳ መሥራት ጀመረች። ሾርባው ቀዝቅዞ ሽታው ሲጠፋ ታመጣልኛለች። ረምላን አዝላ ትውላለች። ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች፤ «ለአንች ተስያለሁ» ትለኛለች። ባሌ ለሕክምናዬ ሱቁን ግማሹን ለሌላ ነጋዴ አካፈለ፤ ማታ ማታ የሱቁን ሒሳብ ሲደምር ያመሻል። በእሱና በእናቴ መካከል ያለው ነገር አልተፈታም። ምግብ ስታቀርብለት «ይክበሩ» ይላታል፤ ከዚያ አያልፍም።

እናቴ ከሳች። ጾሙ ነው አልሁ። ልብስ ስታሰጣ ግራ እጇን ከፍ ማድረግ ተሳናት። እርጅና ነው አለችኝ፤ አመንኋት። ልጅ ማዘያውን ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ አዞረችው። እነዚህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የታመመ ሰው ግን ከራሱ ገላ በላይ የሚያየው ነገር ጥቂት ነው።

በዒድ ጠዋት ጀማል ከሱቁ ባመጣው ጨርቅ ለእናቴ ያሰፋሁላትን ቀሚስ «ለበስሽው ወይ?» ብዬ ወደ ክፍሏ ገባሁ። እጅጌው አልገባላትም። አንድ እጇ ገብቶ ሌላው ቀሚሱ ውስጥ ተጣብቆ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

«ውጭልኝ፣ ሰዓዳ።»

«ቆይ ላግዝሽ።»

«ውጭልኝ አልሁሽ!»

በሕይወቴ እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ቀሚሱን ወደ ላይ ሳብሁት። ደረቷ ላይ ሻሽ ታስሯል። ሻሹን ፈታሁት፤ ከሥሩ የጠቆረ የእንዳሁላ ቅጠል አለ። ቅጠሉን ሳነሳው ከሥሩ ያለውን አየሁ። እዚህ አልጽፈውም። ዶክተሯ በዚያ ቀን የተናገረችው ሁሉ እናቴ ደረት ላይ ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እሷም ቀሚሱን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አጠገቤ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ከአንች በፊት ነው።»

«ከእኔ በፊት?»

«ረምላን ሳትወልጂ ወረታ ሳለሁ። ቅጠሉን በራሴ ላይ አደረግሁት፤ ያስታግሰኛል። ሲያስታግሰኝ ነው ለአንች ያደረግሁልሽ። ባልሞከርሁት ነገር ልጄን እነካለሁ?»

«ሆስፒታል ከእኔ ጋር ስትመላለሽ! ከዶክተሯ ፊት ተቀምጠሽ! ለምን አልተናገርሽም?»

ረምላ ውጭ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ድምጿ ይሰማል። እናቴ ወደዚያ አገጯን ጠቆም አደረገች።

«ሁለታችን ብንተኛ እሷን ማን ያዝላታል?»

በማግስቱ ዶክተሯ አየቻት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፣ ሴት ጡቷን ስትመረምር የሚያሳየውን ሥዕል ለወራት ከፊቱ ተቀምጣ አይታዋለች። ሥዕል ደግሞ ፊደል አይፈልግም። የሚነግሯትን ሁሉ ቀድማ ታውቀው ነበር። ካንሰሩ ሳንባዋ ላይ ደርሷል። ዶክተሯ ጓንቷን አውልቃ በባዶ እጇ የእናቴን እጅ ያዘች። እናቴ ነች ያጽናናቻት። «አይዞሽ ልጄ። የሷን ብቻ ጨርሽልኝ።»

ጀማል ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒቷን የሚሰጣት፣ ትራሷን የሚያስተካክልላት እሱ ሆነ። አንድ ቀን «እማማ፣ አውፍ ይበሉኝ» ሲላት ሰማሁ። «ምን በደልኸኝ?» አለችው። «ልጄን ከእኔ እጅ ባትነጥቃት ኖሮ አብራኝ አልነበር የምትሄደው?»

አገሬ ልሙት ብላ ወረታ ወንድሟ ቤት ወሰድናት። የሕመም ማስታገሻው ሲይዛት ዓይኗን ከፍታ መጀመሪያ የምትጠይቀው የሚቀጥለው ኬሞዬ መቼ እንደሆነ ነው። አንድ ቀን እጄን ይዛ አስማለችኝ።

«ብኖርም ባልኖርም የኬሞሽን ቀን እንዳታሳልፊ። ወላሂ በይኝ።»

«ወላሂ።»

የመጨረሻው ኬሞ ቀጠሮዬ ዋዜማ ላይ ዐረፈች። ጀናዛዋ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀጥሎ ወጣ። እንደ ልማዱ እኛ ሴቶቹ ቤት ቀረን። በማግስቱ ማለዳ፣ ለቀስተኛው ገና ሳይሰበሰብ፣ ሻሼን አስሬ ከጀማል ጋር ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ተነሳሁ። አንዲት ዘመዳችን በሩ ላይ፣ «የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ወዴት ነው?» ስትል ሰማሁ። ሳልቆም አለፍኋት። መኪና ውስጥ ጣናን በቀኜ እያየሁ ሄድሁ፤ ውኃው ላይ ፀሐይ አርፋለች፣ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች አሉ፣ ዓለም እንደ ሌላው ቀን ነው።

ኮሪደሩ ላይ አለሚቱ ነበረች። ፀጉሯ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ስታየኝ ፈቅ ብላ ከእኔ ጎን ለእናቴ የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።

«እናትሽስ? ዛሬ ቀረች?»

ፊቴን በሻሼ ሸፈንሁ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ገባቸው። አለሚቱ ነጠላዋን አገላብጣ ለበሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የእናቴን ለቅሶ የተቀመጥሁት እዚያ ነው፤ ስሜ እስኪጠራ።

አሁን ደህና ነኝ። ለክትትል እሄዳለሁ፤ እስካሁን የተመለሰ ነገር የለም። ፀጉሬ በቅሏል። ቀኝ እጄ ከባድ ነገር ሲያነሳ ያብጣል፤ ረምላን ማዘል ስለማልችል እያስቀመጥሁ ነው የማቅፋት። እንዳሁላው አሁንም በራችን ላይ አለ። ጀማል ሊነቅለው ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልሁት። ተክሉ ምን አጠፋ? ወለምታ ያለበት ሰው ሲመጣ ቆርጬ እሰጠዋለሁ። እብጠት ላለበት ግን ሐኪም አይቶት እንደሆነ ሳልጠይቅ አንድ ቅጠል ከእጄ አይወጣም። የተቆጡኝ ጎረቤቶች አሉ። ይቆጡ።

በቅርቡ ለክትትል ሄጄ ሳለ አንዲት ልጅ እግር ሴት ከእናቷ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አየሁ። ልጅቷ ታለቅሳለች። እናትየዋ እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉላታል፣ ውኃ ያጠጧታል፣ ዱአቸውን ያወርዳሉ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ልጅቷን አጽናናኋት፤ እኔም እዚሁ እንደተቀመጥሁ ነገርኋት። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞርሁ።

«እርስዎስ እናቴ፣ ታይተው ያውቃሉ?»

ሳቁብኝ። «እኔ? ምን እሆናለሁ ልጄ። የታመመችው እሷ ናት። እኔን ተይኝ።»

አልተውኋቸውም። እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸውና አብረን ወደ ዶክተሯ ገባን።